ደህና አይደለሁም፣ ይመስገን

ሰው የጭኑ አጥንት ለሁለት ተሰብሮ፣ ግማሽ አካሉ ቦይ ውስጥ፣ ግማሹ አስፋልት ላይ ተጋድሞ ሳለ «ደህና ነዎት?» ቢባል ምን ብሎ ይመልሳል? እናንተ ከእኔ ብልጥ ናችሁና «ኧረ እግሬን!» ብላችሁ ትጮኹ ይሆናል። እኔ ግን አሳዳጊ የበደለኝ ሰው አይደለሁም። «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አልኩ። ያም አልበቃኝ። በክርኔ ተደግፌ ቀና ለማለት እየሞከርኩ «እርስዎስ ደህና ነዎት? ልጆች ደህና?» ብዬ አከልኩበት።

ጠያቂዬ ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ልጆቹ ደህና ነበሩ።

ያቺን መልሴን ለማስተባበል ከዓመት በላይ ፈጀብኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ራሴ ሲመለጥ አውቄያለሁ፤ መስታወት አለኝ። አፌ ሲያመልጥ ግን «ኧረ ተው» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰርቦ ወደ ጅማ እየተመለስኩ ነበር፤ አባታቸው የሞቱባቸው የድሮ ደንበኛዬ ዘንድ ለቅሶ ደርሼ። ሄርማታ ገበያው አጠገብ መጻሕፍትና ደብተር የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። መጻሕፍቱን በአብዛኛው የማነብባቸው እኔው ስለሆንኩ ሱቋ የምትኖረው በደብተሩ ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባሱ ሞልቷል። ሞልቷል ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ረዳቱ አላለም፤ ረዳት ሞልቷል ብሎ አያውቅም። «ጋሼ ይግቡ፣ ጠጋ ጠጋ ይሉልዎታል!» አለኝ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አምስተኛ ሊያደርገኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሁሉ ወደሚገባበት አልገባም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። «እኔ በክብር ነው የምሄደው» ብዬ ዶቅዶቄ ላይ ወጣሁ። ክብሬ ጅማ ሳትደርስ አለቀች።

የዶቅዶቄው ባለቤት ናስር ይባላል። የሁለት ልጆች አባት፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። ስለ ሞተር ነጂዎች የሚወራውን ሁሉ ሰምቼ ስለነበር «ቀስ በል» ልለው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሣር የጫነ ጋሪ ቀድሞን አለፈ። ጥፋቱ የናስር አልነበረም። ጥፋቱ ከቡና ማጠቢያው ጣቢያ በር በኋላው እየወጣ መንገዱን የዘጋው የጭነት መኪና ነው። በእኛ አገር ቡና በሚለቀምበት ወራት መንገዱ የቡናው ነው፤ ሰው በትርፉ ነው የሚሄድበት። ናስር ተፈናጥሮ የቡና ገለፈት ክምር ላይ አረፈ፤ ገለፈቱ እንደ ፍራሽ ተቀበለው። እኔን የተቀበለኝ ቦዩ ነው። ቦዩ ደግሞ የሲሚንቶ ነው።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። ከማጠቢያው ሴቶቹ እየሮጡ መጡ። «አከም ጅርቱ፣ አባ? አከም ጅርቱ?» አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነዎት ማለታቸው ነው። «ነጋ፣ ነጋ» አልኳቸው፤ ሰላም ነው፣ ሰላም ነው። አንድ ሽማግሌ «ነፍስዎ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ ይበሉ!» አሉኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም የሰው ቃል አልመልስም፤ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ቀጥሎ ትራፊኩ መጣ፤ እሱን በአማርኛ ሸኘሁት። እንግዲህ ቦይ ውስጥ ሆኜ ደህና መሆኔን በሦስት ቋንቋ መስክሬያለሁ ማለት ነው። ራሴን የሳትኩት ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። ሰላምታ አቋርጦ ራስን መሳት ነውር ነው።

ሆስፒታል ጭኔ ውስጥ ብረት ገባልኝ። ብረቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። መከራዬ ጠያቂዎቼ ናቸው። የጅማ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ብርቱካንና አንድ የባሰ ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ «አይዞህ፣ ያክስቴ ልጅ እንዳንተው ሆኖ ነበር» ይላል። «አሁን እንዴት ነው?» ስለው ወደ መስኮቱ ይመለከታል። ሌላዋ ደግሞ ሸቤ ያለውን ወጌሻ አመሰገነችልኝ፤ ብረቱን ካስወጣሁ በእጁ ብቻ እንደሚያስተካክለኝ። ለሁሉም የምሰጠው መልስ ግን ያው ነበር፤ «ተመስገን፣ ዛሬ ከትናንት ይሻለኛል።» ሌላ ምን ይባላል? ሰው ከሥራው ቀርቶ፣ ብርቱካን ገዝቶ፣ ደረጃ ወጥቶ መጥቶ «እንዴት ነህ?» ሲልህ «ሌሊቱን ስጮህ አደርኩ» ብለህ ብርቱካኑን ታመርርበታለህ?

ከጠያቂዎቹ መካከል አንድ ጨዋ ጎልማሳ ነበር። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቁጥብ። ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጦ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?»

«ተመስገን፤ በጣም ይሻለኛል።»

«ሕመሙስ?»

«ምን ሕመም አለው? ይመስገነው!»

ባለቤቴ ዘነበች ደግሞ የቤቷ ስም እንዳይጠፋ ሰግታ «ምግብም በደንብ ይበላል። ትናንት ግማሽ ዶሮ ነው የጨረሰው» አለች። ግማሹን ዶሮ የጨረሰው ከጎኔ የተኛው በሽተኛ ነበር። ጎልማሳው ለሁላችንም ምሕረት ለምኖ፣ ዘነበችም እስከ በር ሸኝታው ተመለሰች።

«ደግ ልጅ ነው፤ የማን ወገን ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ መስሎኝ።»

«እኔማ ያንተ መስሎኝ ነው የሸኘሁት!»

የማንም ወገን አልነበረም። የጭነት መኪናው መድን የገባበት ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ስሙ ቢኒያም ነው። ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር፤ እሱን አልክድም።

ከወራት በኋላ በክራንች መሄድ ስጀምር ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ጨርሶ። እግሬ ከዳሌዬ እስከ ተረከዜ አንድ ወጥ እንጨት ሆነ። ሐኪሙ ሌላ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገኝ፣ ከዘገየሁ ግን ጉልበቱ እንደ ደረቀ እንደሚቀር ነገረኝ። ይህ ደግሞ በደብተር ሽያጭ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ሕጉ እንደሚለው የሚከፍለው የመኪናው መድን ነው። እስከዚያው ድረስ የማይታጠፍ ጉልበት ያለው ሰው እንዴት እንደሚኖር ልንገራችሁ። ባጃጅ ውስጥ እግሬ በጎን ወጥቶ ይሄዳል፤ መንገደኛው ይዘልለዋል። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ብቻዬን እንደ ምሰሶ ቆሜ ስቀር፣ ከኋላዬ ያሉት ትዕቢተኛ ነው ይሉኛል። ሱቄ ውስጥ መሰላል መውጣት ስለማልችል ከላይኛው መደርደሪያ መጻሕፍት ጋር ተለያይተናል፤ ከታች ሆኜ ጀርባቸውን አያለሁ፤ እነሱም ያዩኛል። ስለ መጸዳጃ ቤቱ አልናገርም። ቁጢጥ ማለት የሰው ልጅ ትልቁ ጸጋ መሆኑን የጻፈ አንድም ፈላስፋ አላገኘሁም፤ ፈላስፎቹ ሁሉ ጉልበታቸው ይታጠፍ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ካሳዬን ልጠይቅ መድን ድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። ቢኒያም ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀበለኝ።

«ጋሼ! እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስ...» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ግን ዘግይቼ ነበር።

«አዩ?» አለኝ በሐዘኔታ። «አሁንም አሉት። ትራፊኩ ሲጠይቅዎት ደህና ነኝ ብለዋል። እዚያ የነበሩት ሴቶችም መስክረዋል፤ እንዲያውም የትራፊኩን ልጆች ደህንነት ጠይቀዋል ብለዋል። ሆስፒታልም እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«የሰው ልጅ፣ ያ እኮ ሰላምታ ነው! አንተ አገር ሰላምታ የለም?»

«የእኔ አገር እዚሁ አጋሮ ነው ጋሼ። ሄርማታም ሰው ልከን አስጠይቀን ነበር። ‹እሱ ሰውዬ እንዴት ነው?› ሲባል ሁሉም ‹ደህና ነው፣ ዛሬ ጠዋት ሰላም ብሎኛል› ነው ያሉት። አንድ ሰው እንኳ ታሟል አላለም። ታዲያ እኔ ላለቆቼ ምን ልበል?»

«ጉልበቴን አሳያቸው!»

«ጉልበት የሚያየው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቦርዱ ጉዳት አለ ካለ እንከፍላለን። እስከዚያ ግን እኛም ሰው መጠየቃችንን አንተውም።»

በክራንቼ እየተንቋቋሁ ስወጣ «ጤና ይስጥልኝ» አለኝ። እንደ ስድብ ነው የሰማሁት።

ያን ቀን ማልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ይሁን ማን «እንዴት ነህ?» ካለኝ እውነቱን እነግረዋለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን እያስተማሩ ያሳደጉን ሰዎች ናቸው፣ ሲጠየቁ በሽታቸውን ደብቀው የሞቱት። እኔ ግን አልደብቅም አልኩ።

የመጀመሪያው ሰለባዬ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጀማል ነበር። ሱቄን ስከፍት ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ ለዓመታት እንደሚለው «እንዴት አደርክ?» አለኝ።

«ደህና አላደርኩም።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ጀማል አፉን ከፍቶ አየኝ። የሚቀጥለው ንግግር አልተሰጠውም ነበር።

«ቤተሰብ... ቤተሰብ ደህና?»

«ቤተሰብ ደህና ነው። ጉልበቴ ነው ደህና ያልሆነው። ሌሊቱን አላስተኛኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ከልማዱ የተነሣ። ወዲያው ደንግጦ «አስተግፊሩላህ!» ብሎ ጨመረ፤ የሚሰፋውንም ሱሪ ግራና ቀኝ አምታቶ ሰፋው።

በሳምንቱ ውስጥ ሰው እኔን ሲያይ መንገድ መሻገር ጀመረ። አንዳንዱ ከሩቅ በእጁ ብቻ ሰላም ብሎኝ ይሮጣል። እኔ ግን በክራንች እየተከተልኩ «አልጠየቅኸኝም እኮ!» እለዋለሁ። በሰፈራችን አንድ ሰው አበደ የሚባለው ልብሱን ሲጥል ነበር፤ እኔ ልብሴን እንደለበስኩ አበደ ተባልኩ። ዘነበች ዕድር ሄዳ ተመልሳ አለቀሰች።

«ምን ነካህ? ‹ባልሽ እግዜርን ማመስገን ትቷል› አሉኝ!»

«እግዜርን ትቼ አላውቅም። የተውኩት ቢኒያምን ነው።»

«ታዲያ እንደ ሰው ደህና ነኝ ብትል ምን አለበት?»

«ደህና ብሆን እል ነበር፣ ዘነቡ።»

ካሰብኩት ውጭ የሆነብኝ ግን ሌላ ነው። የኮሌጅ ተማሪዎች ደብተር ሊገዙ ይመጣሉ። አንዱ «ጋሼ፣ ፒስ ነው?» አለኝ። «ፒስ አይደለም። ጉልበቴን ያመኛል» አልኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ልጁ ባንኮኒውን ተደግፎ «እኔም ጋሼ፣ እውነት ለመናገር ፒስ አይደለም» አለኝ። ከወለጋ የመጣ ልጅ ነው፤ ከቤተሰቡ ወሬ ከሰማ ሰንብቷል፤ እንቅልፍ የለውም። ተቀምጦ ተናገረ። በማግሥቱ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ቀጥሎ ዝንጅብልና በሶብላ የምትሸጠው ሴትዮ ዘንቢሏን አስቀምጣ «አንተ እንግዲህ ደህና አይደለሁም ይላል ብለውኝ ነው» አለችኝና ስለ ጎኗ ውጋት፣ ከዚያ ስለ ልጇ፣ ከዚያ ሰው ሰምቶት ስለማያውቅ ነገር ነገረችኝ። ጀማል እንኳ አንድ ቀን የስፌት መኪናውን አቁሞ መጣ። «ዓይኔ እየደከመ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ክሩን የማስገባው በዳበሳ ነው። ለማንም እንዳትናገር።» (ጀማል አትቀየመኝ፤ ከዚያ ወዲህ መነጽር ስላደረግህ ምሥጢር አይደለም ብዬ ነው።)

ለካስ ከተማው ሁሉ ደህና አልነበረም። አንድ ሰው እስኪጀምርለት ነበር የሚጠብቀው። ሱቄ ውስጥ ደብተር የሚገዛው ቀርቶ ተቀምጦ የሚያማርረው በዛ፤ ወንበር መጨመር ነበረብኝ። ዘነበች «የራስህን ሳታስታምም የሰው ሕመም መጋዘን ሆንክ» ትላለች። እኔ ግን በክፋት ደስ አለኝ። ቢኒያም ሰላዮቹን ይላክ፤ አሁን ሄርማታ ውስጥ ስለ እኔ የሚጠይቅ ሰው ስለ ሁሉም ሳይሰማ አይመለስም።

በዚህ መካከል ሽማግሌዎች ተላኩብኝ። የላካቸው የጭነት መኪናው ባለቤት ነው፤ እሱም አብሯቸው መጥቷል። መሪያቸው አባ መጫ ናቸው፤ አባ መጫ በአካባቢው እምቢ ተብለው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠብ ያለበት ቤት ሲገቡ ውሻው እንኳ መጮኹን ያቆማል። ዘነበች ምሳ ሠራች። በሉ፣ መረቁ፣ እጃቸውን ታጠቡ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ አባ መጫ። የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ፤ በእሳቸው ፊት ግን ልጅ ነኝ። «ሰውየው አጥፍቷል። ሾፌሩም አጥፍቷል። በፈጣሪ፣ በእኛም ሽበት ይሁንብህ፤ ይቅር በልና የካሳውን ጥያቄ ተወው።»

«ይቅር ብያለሁ።»

«ሻባሽ!» አሉ ሁሉም። አንዱ ሊሳለመኝ ተነሣ።

«ይቅር ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ጉልበቴ ይቅር አላለም። እሱን አስታርቁልኝ፤ ይኸውላችሁ» ብዬ እግሬን ጠረጴዛው ላይ ሰቀልኩት።

ዘነበች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባ መጫ እግሬን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«ማሎ፣ እባክህ፣ እንዲህ አይደለም። ሰው ደህና ነኝ የሚለው ለሰው ብሎ አይደለም። ለፈጣሪ ምስጋና ነው። አንተ አሁን ምስጋናህን ከለከልክ ይሉሃል። ይህ ለአንተ ጥሩ ነው?»

«አባ መጫ፣ ይሙቱ፣ እውነትዎን ነው። እኔም ቦይ ውስጥ ሆኜ ለፈጣሪ ነበር የተናገርኩት። ታዲያ ለፈጣሪ የተነገረውን መድን ድርጅቱ ለምን ሰምቶ ይከራከረኛል?»

አባ መጫ ዘንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ተቆጡ ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቁ ኖሯል።

«ይህ ልጅ መጽሐፍ አበላሽቶታል» አሉ ለጓደኞቻቸው፤ «ግን ዋሽቷል የምትሉ ተናገሩ።» ወደ ባለመኪናው ዞሩ፤ እሱ በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። «አንተስ፣ የሚከፍለው መድኑ ከሆነ እኛን ለምን አደከምከን?»

«አባ፣ ሽማግሌ ካልላክሁ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው እንጂ» አለ ሰውየው።

አባ መጫ ተነሡ። «እኛ ሐሰት ላይ አንመርቅም። ቦርዱ የተባለው ዘንድ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» ብለው ወጡ። ልታስታርቅ የመጣች ሽበት እንዲህ ወደ እኔ ወገን ገባች።

የቦርዱ ቀን ደረሰ። ዘነበች፣ አባ መጫ፣ ናስር፣ ጀማል፣ የዝንጅብሏ ሴትዮ ሁሉ ተከትለውኝ ሄድን፤ ሕንፃው በር ላይ ስንደርስ ለቅሶ የመጣን ነበር የምንመስለው። ቦርዱ የት ነው ብለን ጠየቅን። ጥበቃው በጣቱ ወደ ላይ አሳየን። ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ጉልበቱ አልታጠፍ ያለ ሰው መጀመሪያ ደረጃውን ወጥቶ፣ ከዚያ ጉልበቴ አይታጠፍም እንዲል ነበር የተዘጋጀው።

ደረጃው ሥር ቢኒያም ቆሟል። ነጭ ሸሚዝ። «ጋሼ፣ እንወጣ?» አለኝ። ሐሳቡን ከዓይኑ አነበብኩት። ብወጣ «ደረጃ ይወጣል» ሊባል ነው። ባልወጣ «አልቀረበም» ተብሎ ጉዳዬ ሊዘጋ ነው፤ ጉልበቴም እንደ ደረቀ ሊቀር ነው። በዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ቁጭ ስል እግሬ፣ ያው እንደማይታጠፍ ታውቃላችሁ፣ ቀጥ ብሎ ደረጃውን ከግድግዳ እስከ መደገፊያው ብረት እንደ ኬላ ዘጋው።

«አልወጣም» አልኩ።

ይሄኔ ነው የወገን ደግነት ሊያጠፋኝ የተነሣው። ናስር ጃኬቱን አውልቆ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ልሸከምዎት! ወላሂ እንደ ላባ ነው የማወጣዎት!» ከወረፋው ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ተነሥተው በብብቴ ገቡ። «ኧረ ሰው እንዲህ ወድቆ ዝም ይባላል?» ይላል አንዱ። «ያዝ በዚያ! እግሩን ደገፍ አድርገው!»

«ልቀቁኝ! ሰዎች፣ እንዳትረዱኝ! በማርያም እንዳትረዱኝ!» የመደገፊያውን ብረት በሁለት እጄ ይዤ እጮኻለሁ። በሕይወቴ ደግ ሰዎችን እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ያተረፈችኝ ዘነበች ናት። ያቺ ዕድር ላይ ያፈረችብኝ ዘነበች ጃንጥላዋን ዘቅዝቃ መካከላችን ገባች።

«ንኩትና!» አለች። «አልወጣም ብሏል፤ አይወጣም!»

ከላይ ጸሐፊዋ አንገቷን ብቅ አደረገች። «አባቴ፣ ቦርዱ እየጠበቀዎት ነው፤ ፎቅ ላይ ነው።»

«ቦርዱ እግር አለው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የሚታጠፍ ጉልበት ያለው ቦርድ ከሆነ ይውረድ።»

ጸሐፊዋ ሄደች። አባ መጫ ከአጠገቤ ተቀመጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ የዝንጅብሏ ሴትዮ ተቀመጠች፤ ከዚያ ጀማል፤ ከዚያ ወረፋ የሚጠብቁት፣ አንዷ ጄሶ ያለባት፣ አንዱ ዓይኑ የታሸገ። ማንም አያልፍም፣ ማንም አይወጣም። እኛ የምንቸኩልበት አልነበረንም። ደረጃው ግን አንድ ብቻ ነው፤ የምሳ ሰዓት ደግሞ ለቦርድም ይደርሳል።

ሲደርስ ሦስቱ ሐኪሞች ጋዋናቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ብቅ አሉ። እግሬን ሲያዩ ቆሙ።

«ያሳልፉን እንጂ አባት» አለ ወጣቱ።

«እንዳሳልፍህ እግሬን አጥፍልኝ፤ እኔ አቅቶኛል» አልኩት።

ከሦስቱ ሽበት ያለው ሐኪም እንዴት ነህ አላለኝም፤ እግዜር ይስጠው። ከእኔ በታች ባለው ወለል ላይ በርከክ አለና፣ የገዛ ጉልበቱ ሲታጠፍ ቀናሁበት፣ ሱሪዬን ሰብስቦ በአንድ እጁ ጭኔን፣ በሌላው ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። ገፋ። ደግሞ ገፋ። ዓይኔ ቢያነባም አልጮኽኩም፤ ዘነበች ጮኸችልኝ። ጉልበቴ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ ወደ ጓደኞቹ ቀና አለ፤ እነሱም ጎንበስ ብለው ዳሰሱ። በራሳቸው ቋንቋ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሽበታሙ ወደ ቢኒያም ዞሮ በሁላችን ቋንቋ ተናገረ።

«ይህ ጉልበት በአደጋው ነው የደረቀው። ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ምኑ ነው የሚያከራክራችሁ?»

ቢኒያም ጉሮሮውን ጠረገ። «ቦርዱ ካለማ... ይከፈላል» አለ። እልል ያለችው የዝንጅብሏ ሴትዮ ናት። ጀማል እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። ናስር ዞሮ ግድግዳውን ያይ ነበር፤ ለካስ ይህ ሰው ይህን ያህል ጊዜ የእኔን እግር ተሸክሞ ሲዞር ኖሯል።

ሐኪሙ እዚያው ደረጃው ላይ ሆኖ ጽፎ ፈረመ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ወረቀቱን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ጸሐፊዋ «ቆይ፣ ማህተም ይቀረዋል» አለች። «ማህተሙ ፎቅ ላይ ነው ያለው። ይምጡና ይመታልዎታል።»

ሁሉም አየኝ። ሐኪሞቹ አዩኝ፣ ቢኒያም አየኝ፣ ዘነበች ጃንጥላዋን ጠበቅ አደረገች።

«ማህተሙም ይውረድ» አልኩ።

«አባቴ፣ ማህተም እኮ ከቢሮ አይወጣም!»

«እኔም ደረጃ አልወጣም።»

ጸሐፊዋ ወደ ሽበታሙ ሐኪም አየች፤ እሱ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀላት። ወጣች። ቁልፍ ሲዞር፣ መሳቢያ ሲሳብ ከታች ይሰማናል። ከዚያ በሁለት እጇ ይዛው፣ አንድ በአንድ እየረገጠች መውረድ ጀመረች። እኛ አገር ማህተም ሲወርድ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰው ነው ወደ እሱ ሲወጣ የኖረው። ጥበቃው ኮፍያውን አወለቀ። ከወረፋው አንዱ ተነሣ፤ ከዚያ ሌላው፤ ባለ ጄሶዋ ግድግዳ ተደግፋ ተነሣች፤ አባ መጫ ሳይቀሩ በዘንጋቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። ደረጃው ሙሉ ሰው ቆመ።

እኔ አልተነሣሁም።